የክብራኑን ሄኖክ ፍለጋ

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ አንድ ሽማግሌ መርጌታ የምሠራበት ቤተ መጻሕፍት ድረስ መጡ። እጅ ነሥቼ ወንበር ሰጠኋቸው። ገና ሳይቀመጡ፣ «ልጄ፣ የክብራኑ ሄኖክ ፈረንጅ አገር ገብቷል ሲሉ እሰማለሁ። እናንተ ዘንድ ኮምፒውተሩም ኢንተርኔቱም አለ፤ እስቲ እውነት መሆኑን ፈልጊልኝ» አሉኝ። «እሺ የኔታ፣ አጣርቼ እነግርዎታለሁ» አልኳቸው። የሁለት ቀን ሥራ መስሎኝ ነበር። ወራት ፈጀብኝ። ስለ ኢንተርኔት ፍለጋ የማውቀውን አብዛኛውን ነገር የተማርኩትም በስልጠና ሳይሆን በዚህ ጥያቄ ምክንያት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የምኖረው ዓባይ ማዶ ነው። ባሕር ዳርን የማያውቅ አንባቢ ካለ፣ ዓባይ ከጣና ወጥቶ ጉዞውን ሲጀምር ከተማዋን ለሁለት ይከፍላታል፤ ከድልድዩ ወዲያ ያለው ምሥራቁ ክፍል ነው ዓባይ ማዶ የሚባለው። ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ሐይቁ ዳር ወረድ ላለ ሰው፣ አየሩ ጥርት ባለበት ጠዋት ክብራን ጥቁር አረንጓዴ ጉብታ መስላ ውኃው ላይ ትታያለች። በጀልባ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን በአቡነ ዘዮሐንስ የተመሠረተው የክብራን ገብርኤል ገዳም እዚያ ነው ያለው። እኔ ግን ገብቼ አላውቅም፣ አልገባምም፤ ገዳሙ ለሴት አይፈቀድም። ጎረቤቱ እንጦስ ኢየሱስ ድረስ ሄጄ፣ ከዚያ ሆኜ የክብራንን ዛፎች አይቼ ተመልሻለሁ። ስለዚህ የመርጌታው ጥያቄ የእኔም ነበር። በዓይኔ የማየውን ደሴት መጽሐፍ ላይ መድረስ የምችልበት ሌላ መንገድ ካለ ማወቅ ፈለግሁ።

(ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ለምን እንዲህ ማስጠንቀቅ እንደሚያስፈልግ ኋላ እመጣበታለሁ።)

መጽሐፉ እና መንገደኞቹ

መጀመሪያ ያደረግሁት ሁሉም ሰው የሚያደርገውን ነው። ጉግል ላይ «ሄኖክ» ብዬ ጻፍኩ። ዘፋኝ መጣ፣ ኳስ ተጫዋች መጣ፣ ቁጥር ስፍር የሌለው የፌስቡክ ሄኖክ መጣ። «መጽሐፈ ሄኖክ» ስል ደግሞ የዓለም ፍጻሜ የሚተነትኑ ቪዲዮዎች ጎረፉ። የአንድ ደሴት አንድ ብራና የሚል ነገር የለም። የእኛው ቤተ መጻሕፍት ካታሎግም ባዶ መለሰልኝ። ቆም ብዬ ማሰብ የጀመርኩት ያኔ ነው። መጽሐፉን ከመፈለጌ በፊት የመጽሐፉን ታሪክ ማወቅ ነበረብኝ፤ ምክንያቱም አንድ ነገር ኢንተርኔት ላይ የሚገኘው በትክክለኛ ስሙ ብቻ ሳይሆን፣ መጀመሪያ የመዘገበው ሰው ባወጣለት ስም ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። መጽሐፈ ሄኖክ ከጥንት አይሁድ መጻሕፍት አንዱ ነው። መጀመሪያ የተጻፈው በአራማይስጥ ሲሆን፣ በኋላ ወደ ጽርእ፣ ከጽርእም ወደ ግእዝ ተተርጉሟል። ሌላው ዓለም ሲጥለው የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ግን ከቅዱሳት መጻሕፍቷ ጋር ቆጥራ ያዘችው። በዚህም ምክንያት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሙሉ ሆኖ የተገኘው በግእዝ ብቻ ነው። ቁምራን ዋሻ ውስጥ የተገኙት የአራማይስጥ ቁርጥራጮች በ1976 በሚሊክ ሲታተሙ እንኳ፣ ተመራማሪዎች ቁርጥራጮቹን በቦታ በቦታቸው የደረደሩት የግእዙን ጽሑፍ መሪ አድርገው ነው።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ጎንደርና ጣና አካባቢ ቆይቶ በ1773 አውሮፓ ሲመለስ ሦስት የሄኖክ ቅጂዎች ይዞ ነበር። አንዱ ፓሪስ ገባ፣ አንዱ ኦክስፎርድ፣ አንዱን ለራሱ አስቀረ። ሪቻርድ ሎረንስ የኦክስፎርዱን ቅጂ ይዞ የመጀመሪያውን የእንግሊዝኛ ትርጉም በ1821 አሳተመ። በ1906 ደግሞ አር. ኤች. ቻርልስ አውሮፓ ውስጥ የነበሩትን በርካታ ቅጂዎች አስተያይቶ የግእዙን ጽሑፍ አወጣ። ልብ በሉ፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ሊቃውንቱ ይሠሩ የነበረው ከአገር በወጡ ቅጂዎች ነው። ደሴቶቹ ላይ ምን እንዳለ የሚያውቁት መነኮሳቱ ብቻ ነበሩ።

ነገሩ የተለወጠው በ1968 ነው። ኤርንስት ሐመርሽሚት የሚባል የኢትዮጵያ ጥናት ሊቅ ካሜራና ፊልም ይዞ ጣና መጣ። ክብራንን፣ ደብረ ማርያምን፣ ሬማንና ዳጋ እስጢፋኖስን እየዞረ 182 ብራናዎችን በማይክሮፊልም አነሣ። የክብራኖቹን መጻሕፍት የሚዘረዝረው የመጀመሪያው ካታሎግ በ1973፣ ሁለተኛው በ1977 ጀርመን ውስጥ ታተመ። የዳጋ እስጢፋኖስን ክፍል ቬሮኒካ ሲክስ የተባለች ተመራማሪ ኋላ ጨረሰችው። በመጀመሪያው ካታሎግ ውስጥ፣ በዘጠነኛው የክብራን ጥራዝ፣ በሁለተኛ ጽሑፍነት የሰፈረው የ15ኛው ክፍለ ዘመን መጽሐፈ ሄኖክ ነው።

ከቻርልስ ቅጂዎች አብዛኞቹ ከዚህ ያነሰ ዕድሜ ያላቸው ናቸው። ይህ የሚገደን ለምንድን ነው? ምክንያቱም የግእዙ ሄኖክ ሁለት መልክ አለው። በኋለኛው ዘመን የእኛው ሊቃውንት ጽሑፉን አርመውና አቃንተው ያወጡት፣ ብዙ ጊዜ የሚገለበጠው መልክ አንዱ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው፣ ሸካራም ቢሆን ጥንታዊውን ንባብ የያዘው ደግሞ ሌላው ነው። የክብራኑ ከዚህ ከቀደመው ወገን ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ተወልዶ ያደገው ኤፍሬም ይስሐቅ በ1983 የታተመውን የእንግሊዝኛ ትርጉሙን ሲሠራ መሠረት ያደረገው ይህንኑ የክብራን ቅጂ ነው። ያ ትርጉም ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው ይነበባል። ማለትም አንድ የአሜሪካ ተማሪ ሄኖክን በእንግሊዝኛ ሲያነብ፣ ሳያውቀው፣ እኔ ከሐይቁ ዳር የማያትን ደሴት መጽሐፍ እያነበበ ሊሆን ይችላል።

ታናዜ ማን ነው?

ይህን ሁሉ የማውቀው ዛሬ ነው። ያኔ የገጠመኝ መሰናክል ሌላ ነበር። አንድ የጥናት ጽሑፍ ግርጌ ላይ «ታናዜ 9» የሚል ነገር አገኘሁ። የቦታ ስም መሰለኝ። ታናዜ የሚባል ገዳም አለ ወይ ብዬ የሥራ ባልደረቦቼን ጠየቅሁ፤ አንዷ «ዘጌ ማለታቸው ይሆናል፣ ተሳስተው ነው» አለችኝ፤ እውነት መስሎኝ ሁለት ሳምንት ዘጌ ዘጌን ስፈልግ ባጀሁ። ለካ በጀርመንኛ «ዜ» ማለት ሐይቅ ነው፤ «ታናዜ» ማለት ጣና ሐይቅ! መጽሐፎቻችን በዓለም ካታሎግ ውስጥ የሚታወቁት በሐይቃችን የጀርመንኛ ስም ነው። «ክብራን» ብሎ የሚፈልግ አያገኝም፤ «ታናዜ» ብሎ የሚፈልግ ወዲያው ይደርሳል። ስቄ አባራሁ፤ ትንሽም ተናደድኩ።

ግን በጀርመኖቹ ብቻ መናደድ አይገባም። ዝርዝር ያወጣ ሰው ስም ያወጣል፤ ዝርዝር ያላወጣ በሌላው ስም ይጠራል። ገዳማቱ የራሳቸው የዕቃ ግምጃ ቤት መዝገብ ነበራቸው፤ ብዙ ጊዜ በወንጌሉ ባዶ ቅጠሎች ላይ ንዋየ ቅድሳቱንና መጻሕፍቱን ይመዘግባሉ። ያ ግን ለጠባቂው እንጂ ለሩቅ አንባቢ የተሠራ አይደለም። መጽሐፉ የት መደርደሪያ ላይ እንዳለ ጠባቂው በቃሉ ያውቃልና።

ቀጥሎ የመጣው ችግር ፊደል ነው። የውጭ ካታሎጎች ግእዙን በላቲን ፊደል ይጽፉታል፤ በየአገሩ ደግሞ አጻጻፉ ይለያያል። «ጠ» ለመጻፍ የላቲኗን «ቲ» ከሥሯ ነጥብ ያደርጉባታል። ሳድስን አንዱ ግልብጥ በሆነች «ኢ» ይጽፈዋል፣ ሌላው በተራ «ኢ»፣ ሌላው ጭራሽ ይተወዋል። «ቀ» አንዱ ጋ «ኪው» ናት፣ ሌላው ጋ ከሥሯ ነጥብ ያላት «ኬ»። ክብራን የሚለውን አንድ ቃል በአምስት ዓይነት ተጽፎ አግኝቼዋለሁ። መጀመሪያ ላይ እነዚህን ነጥቦችና ጭረቶች እንደ ፈረንጅ ቅንጦት ነበር የማያቸው። ኋላ ግን ገባኝ፤ ነጥቧ ከሌለች «ጣና» እና «ታና» አይለዩም፣ «ሠረቀ» እና «ሰረቀ» አይለዩም። የግእዝ ተማሪ እንደሚያውቀው የመጀመሪያው ወጣ ማለት ነው፣ ሁለተኛው ሌባ ነው።

በራሳችን ፊደል መፈለግስ? እሱም የራሱ ጣጣ አለው። ፊደላችን በኮምፒውተር ዓለም አቀፍ ቁጥር ያገኘው በ1999 በወጣው የዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የግእዝ ሶፍትዌር የየራሱ ቁጥር ነበረው፤ በአንዱ የተጻፈ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል። ከዩኒኮድ በኋላም ለዓመታት በድሮዎቹ ፎንቶች መጻፋችንን አላቆምንም። በዚህ ምክንያት በየመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ውስጥ የተቀመጡ የአማርኛ ጽሑፎች ዛሬ በዓይን ይነበባሉ እንጂ በፍለጋ አይገኙም። ፋይሉ አለ፣ ኮምፒውተሩ ግን አማርኛ መሆኑን አያውቅም።

ዩኒኮድ ራሱ የሚፈታው ሁሉንም አይደለም። ለኮምፒውተር ሀ፣ ሐ እና ኀ ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው፤ ሀ እና በ የሚለያዩትን ያህል ይለያያሉ። እኛ ደግሞ በአማርኛ ስንጽፍ እንዳሻን እናቀያይራቸዋለን። እስቲ «ፀሐይ» የሚለውን ቃል ውሰዱ። የመጀመሪያው ድምፅ በሁለት ፊደል ይጻፋል፣ ሁለተኛው በስድስት (ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ)፤ ሁለት ጊዜ ስድስት 12 አጻጻፍ ይሆናል። «ኃይለ ሥላሴ» በተመሳሳይ ስሌት 24 ነው፤ ሁለቱን ቃላት አጋጥሞ የሚጽፍ ስላለ 48። የሰፈሬ ስም እንኳ ዓባይ፣ ዐባይ፣ አባይ፣ ኣባይ እየተባለ አራት መልክ አለው። እና አንድ ተማሪ መጥቶ «አባይ ብዬ ፈልጌ ምንም የለም» ሲለኝ፣ የለም ማለት አይደለም፤ መዝጋቢው «ዓባይ» ብሎ ጽፎታል ማለት ነው። በእኛው ካታሎግ ሄኖክ ያልተገኘበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ሆኖ ተገኘ፤ ስለ ሄኖክ የተጻፈ አንድ መጽሐፍ ነበረን፣ የተመዘገበው ግን «ሔኖክ» ተብሎ ነው። መዝጋቢዋ እኔው ነበርኩ።

የሰው ስምም እንዲሁ ነው። አንድ ጊዜ የሄድኩበት ስልጠና ላይ የደራሲን «የቤተሰብ ስም» አስቀድመን እንድንጽፍ ተነገረን፤ እኛም ታዛዦች ነን፣ የአባቱን ስም እያስቀደምን ስንት ደራሲ አገላበጥን። ኢትዮጵያዊ ግን የቤተሰብ ስም የለውም፣ የአባት ስም ነው ያለው። አሁን አንድ ሰው ስፈልግ በሁለቱም አቅጣጫ እጽፈዋለሁ።

የዘመን አቆጣጠሩን ደግሞ አሳጥሬ ልለፈው። የእኛ ዓ.ም. ከአውሮፓው በሰባት ወይም በስምንት ዓመት እንደሚያንስ ሁሉም ያውቃል። በጥንት ብራና ላይ የሚገኘው «ዓመተ ምሕረት» ግን ብዙ ጊዜ የዛሬው ዓ.ም. አይደለም፤ በየ532 ዓመቱ እንደገና ከአንድ የሚጀምረው የባሕረ ሐሳብ ዙር ነው። «በ80 ዓመተ ምሕረት ተጻፈ» የሚል ብራና አይታችሁ ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላው ነው ብላችሁ እንዳትደነግጡ።

ጌታቸው ኃይሌ እና የሚኒሶታው ፊልም

ፍለጋዬ ከጀርመን ወደ አሜሪካ የወሰደኝ አጋጣሚ ነው። ከሐመርሽሚት አምስት ዓመት በኋላ፣ በ1973፣ ሌላ ትልቅ ሥራ ተጀመረ፤ በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ ኢ.ኤም.ኤም.ኤል. ተብሎ የሚታወቀው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ቤተ መጻሕፍት። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንና የአሜሪካ ምሁራን ተስማምተው የጀመሩት ሲሆን፣ የፊልሙ አንድ ቅጂ አዲስ አበባ ይቀራል፣ ሌላው ሚኒሶታ በሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ቤተ መጻሕፍት ይቀመጣል። አብዮቱ ፈነዳ፣ መንግሥት ተለወጠ፣ ፊልም ማንሣቱ ግን እየተቆራረጠም ቢሆን ቀጠለ። በመጨረሻ 9 ሺህ ገደማ ብራናዎች ተነሡ።

ፊልም ማንሣት ግን የሥራው ግማሽ ብቻ ነው። አንድ ሰው እያንዳንዱን ፊልም ማንበብ፣ በውስጡ ያሉትን ጽሑፎች መለየት፣ ዘመኑን መገመት፣ ኅዳግ ላይ ያለውን ማስታወሻ ሳይቀር መመዝገብ አለበት። ያ ሰው ጌታቸው ኃይሌ ነበሩ። በ1975 የደርግ ወታደሮች ቤታቸው ድረስ መጥተው ተኮሱባቸው፤ ከወገባቸው በታች ሽባ ሆኑ። ለሕክምና ከአገር ወጡ፣ በ1976 ሚኒሶታ ገቡ። ከዚያ በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጠው የአገራቸውን መጻሕፍት በፊልም ማንበቢያ መሣሪያ ፊት ያነቡ ጀመር። ከ1975 እስከ 1993 ከታተሙት አሥር የካታሎግ ጥራዞች የመጀመሪያዎቹን ዊልያም ማኮምበር አዘጋጀ፤ ከቀሩት አንዳንዶቹን ሁለቱ አብረው፣ ሌሎቹን ጌታቸው ብቻቸውን ሠሩ። አሥሩ ጥራዞች 5 ሺህ ብራናዎችን ይሸፍናሉ። በ1988 የማክአርተር ሽልማት አገኙ፤ በ2021 አረፉ።

እኔ ስለ ኢንተርኔት ሳስብ ጌታቸው ይመጡብኛል። «ከርቀት ማንበብ» የሚባለውን ነገር የኮምፒውተር ዘመን ፈጠራ አድርገን ነው የምናወራው። እሳቸው ግን መመለስ የማይችሉትን አገር መጻሕፍት፣ ያውም በየገጠሩ አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው የኖሩትን፣ ከአሥር ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው፣ ጥቁርና ነጭ በሆነ ፊልም ላይ አንብበዋል። እሳቸው በስደት ምክንያት፣ እኔ በሥርዓት ምክንያት መግባት ያልቻልነውን በር ያው ፊልም ከፈተው። ልዩነቱ እሳቸው መንገዱን ሲጠርጉ እኔ የተጠረገውን መሄዴ ነው። ዛሬ አንድ ሰው በድረ ገጹ ላይ ቃል ጽፎ ብራና ሲያገኝ፣ ብዙ ጊዜ ያገናኘው ኮምፒውተሩ ሳይሆን ጌታቸው በታይፕ የመቱት አንድ መስመር ነው።

የሚኒሶታው ቤተ መጻሕፍት ባለፉት ዓመታት ፊልሞቹን እየቃኘ ድረ ገጹ ላይ አውጥቷል። በኢሜይል በነፃ መመዝገብ ብቻ ነው የሚጠይቀው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፉ የሄኖክ ቅጂዎች እዚያ ስብስብ ውስጥም አሉ። ሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በ2016 «ቤተ መጻሕፍት» በሚል የግእዝ ስም ትልቅ ሥራ ጀምሯል፤ በየአገሩ የተበተኑትን ካታሎጎች ወደ አንድ እያመጣ፣ ለእያንዳንዱ ጽሑፍ አንድ ቋሚ መለያ ይሰጣል። ይህ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። ሄኖክ፣ ሔኖክ፣ ታናዜ፣ ክብራን እያልኩ ስደናበር ለከረምኩ ለእኔ ግን፣ አንድ ጽሑፍ በምንም ዓይነት ፊደል ቢጻፍ መለያው አንድ መሆኑ ትልቅ ዕረፍት ነው። ኒውዮርክ ያለው ሜትሮፖሊታን ሙዚየምም ጣና አካባቢ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ የተሣለ ወንጌል አለው፤ ሥዕሎቹ በቀለም ጥርት ብለው ይታያሉ፣ ማውረድም ይቻላል። በነገራችን ላይ እሱን ያገኘሁት ሌላ ነገር ስፈልግ ነው።

መስመሩ ሲቆረጥ

ፍለጋውን አጋምሼ ሳለሁ፣ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ለወራት። የተማርኩት ሁሉ በአንድ ሌሊት ዋጋ ያጣ መሰለኝ። የተማሪዎቹ ፊት ነበር የሚያሳዝነኝ፤ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ጀምረው መሃል ላይ የቀሩት። ኬብል የገባላቸው ጥቂት መሥሪያ ቤቶች ጋ ወረፋ ይያዝ ነበር።

በዚያው ሰሞን፣ በጥቅምት 2023፣ ለንደን የሚገኘው ብሪቲሽ ላይብረሪ በኮምፒውተር ሰርጎ ገቦች ተመታ። በ1868 ከመቅደላ የተወሰዱት 350 ያህል ብራናዎች ያሉት እዚያ ነው፤ ብዙዎቹም በቅርቡ ፎቶ ተነሥተው ድረ ገጹ ላይ ወጥተው ነበር። ከጥቃቱ በኋላ የብራናዎቹ ገጽ ተዘጋ፣ ከዓመት በላይም ሳይከፈት ቆየ። እንግዲህ አስቡት፤ እኛ ዘንድ መስመሩ የለም፣ እነሱ ዘንድ መጽሐፉ የለም። ሁለቱም ቦታ ብራናው ራሱ ግን መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። አንድ ጓደኛዬ «ፍየል ጠፍታለች፣ ቆዳዋ ግን አለ» ብላ አሳቀችኝ።

ከዚያ ወዲህ አሠራሬን ለውጫለሁ። አንድ ጠቃሚ ገጽ ሳገኝ አድራሻውን ብቻ አልይዝም። ባለቤቱ የሚፈቅደው ከሆነ አውርጄ አስቀምጣለሁ፤ የፋይሉን ስም የብራናው ቁጥር አደርገዋለሁ፤ በደብተርም እጽፈዋለሁ። አድራሻ ይቀየራል፣ ቁጥሩ ግን አይቀየርም፤ 1973 ላይ «9» የተባለው ዛሬም «9» ነው። አንድ የኤክሴል ሠንጠረዥም ጀምሬያለሁ። በአንዱ ዓምድ የጣና ገዳማትን ስም እኛ እንደምንጠራቸው፣ በሌላው በሁሉም የአማርኛ ፊደል አማራጭ፣ በሌላው በየካታሎጉ የላቲን አጻጻፍ። ዳጋ እስጢፋኖስ ብቻውን ከሃያ መስመር በላይ ወስዷል። ከባልደረቦቼ አንዷ «ይሄ ሥራ ነው ወይስ ዕብደት?» ትለኛለች። ተማሪዎቹ ግን በፍላሽ እየገለበጡ ይወስዱታል።

ቀዩ ቀለም

መስመሩ ሲመለስ ለመርጌታው አስጠራኋቸው። «የኔታ፣ የክብራኑ ሄኖክ አልሄደም፤ የሄደው ጥላው ነው» አልኳቸው። የሐመርሽሚትን ነገር ነገርኳቸው። መጽሐፉ እዚያው ደሴቱ ላይ ፎቶ እንደተነሣ፣ ፊልሙ ጀርመን እንደገባ፣ ከፊልሙ ካታሎግ እንደተጻፈ፣ ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ እንደተተረጎመ። የካታሎጉን ገጽ አሳየኋቸው። ጀርመንኛው መሃል የገቡትን የግእዝ ቃላት ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ እያደረጉ አነበቡ። «ታናዜ»ን ስነግራቸው ሳቁ።

ቀጥዬ ከሚኒሶታው ስብስብ ሌላ ጥንታዊ የሄኖክ ቅጂ ከፈትኩላቸው። መነጽራቸውን ጠርገው ቀረብ አሉ። ፊደሉ ማዕዘናማ ነው፣ የዛሬው ዓይነት ክብ ክብ አይደለም፤ እሳቸው ግን እኔ አንድ መስመር ሳልጨርስ ግማሽ ገጽ ወርደዋል። የሚያነቡት እያዜሙ ነው ማለት ይቻላል። ድንገት ቆሙና፣

«ልጄ፣ ቀዩ የት ሄደ?» አሉኝ።

አልገባኝም ነበር። ብራና ላይ ርእስ፣ የክፍል መጀመሪያና ቅዱሳን ስሞች በቀይ ቀለም ይጻፋሉ። ፊልሙ ደግሞ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ቀዩ ግራጫ ሆኖ ከጥቁሩ ጋር ተቀላቅሏል። ወራት ሙሉ እነዚህን ገጾች ሳገላብጥ አንድም ቀን ልብ አላልኩትም። እሳቸው በአምስት ደቂቃ አዩት። «ፊልሙ ቀለም የለውም የኔታ» ስላቸው፣ «እንግዲያማ አንባቢው እስትንፋሱን የት ይወስዳል?» አሉ።

አራት ገጽ አትሜ እንድሰጣቸው ጠየቁኝ። አራተኛው እየወጣ መብራት ሄደና ግማሹ ነጭ ሆኖ ቀረ። እሱንም ጭምር አጣጥፈው ወሰዱት።

በሳምንቱ መልሰው አመጡልኝ። ቀይ እስክሪብቶ ገዝተው፣ ቀይ መሆን ያለበትን ቃል ሁሉ በራሳቸው እጅ በቀይ ደግመው ጽፈውበታል። ጸሐፊው የዛሬ 500 እና 600 ዓመት በዚያው ቦታ ላይ ቀይ ተጠቅሞ እንደሆነ ከፊልሙ ማወቅ አይቻልም፤ በጥንት ብራናዎች የቀይ አጠቃቀም ከዛሬው ይለያልና፣ ይህን እንደ ባለሙያ ልነግራቸው ይገባኝ ነበር። አልነገርኳቸውም። አራቱን ገጾች በፕላስቲክ ከተትኩና፣ ከላይ የፊልሙን ቁጥር ጻፍኩበት፣ ከሥሩ ደግሞ «ቀዩ በመርጌታ እጅ» ብዬ መዘገብኩት። ካታሎጋችን ውስጥ አለ። ሄኖክ ብላችሁ ብትፈልጉም፣ ሔኖክ ብላችሁ ብትፈልጉም ታገኙታላችሁ።